ተራራውን ላጠረብን መሥሪያ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የተቆለፈውን በር ይመለከታል

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ሰላምታችን በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በደቡብ ወሎ፣ ከአንድ ተራራ ሥር፣ በአንድ ቅሬ (ሌላው አገር እድር የሚለው ነው) የታቀፍን ሙስሊምና ክርስቲያን ነዋሪዎች ነን። የተራራውንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም እዚህ አንጠራም። የትኛው እንደሆነ እናንተ አታጡትም። ሌላው አንባቢም በየአካባቢው እንዲህ ያለ የታጠረ ተራራ አይጠፋውም።

ስለ ልፋታችሁ አመስግኖ መጀመር የደብዳቤ ወግ ነው። ለዛሬ ይቅር። መጀመሪያ በወጉ አመልክተን ነበር። ማመልከቻችን ጥግ ላይ «ይታይ» ተብሎ ተጻፈበትና ወደ ሌላ ክፍል ተመራ። ያ ክፍል «አልደረሰንም» አለ። ቀጥለው የሄዱት ሽማግሌዎች ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ። ሌላ ቀን ሲሄዱም ያው ስብሰባ አላለቀም። ስለዚህ ነገሩን አደባባይ አወጣነው።

የሆነው በአጭሩ ይህ ነው። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ተራራው ዙሪያውን በሽቦ ታጠረ። የብረት በር ተሠራለት። በሩ ላይ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። የተከለከለው ከብት ብቻ ቢሆን ባልጻፍን። ሰውም፣ ማጭድም፣ ቀፎም፣ የሴቶቹ ስንደዶ ነቀላም አብሮ ተከለከለ። የምረቃው ዕለት ድንኳን ተጣለ፣ ንግግር ተደረገ፣ የፕላስቲክ ውኃ ታደለ፣ ሰው ተበተነ። «ከማኅበረሰቡ ጋር ምክክር ተደርጓል» ተብሎ የተጻፈው ያ ቀን ከሆነ፣ እኛ የምናስታውሰው ጭብጨባውን ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እናጥራ። ተራራው መከለሉን አንቃወምም። የከለልነው እኛው ነን።

ራቁቱን የቀረ ተራራ ምን እንደሚያመጣ ለወሎ ሰው አይነገርም። የ1966ቱን ድርቅ ትልልቆቻችን ይተርኩልናል። የ1977ቱን ግን ብዙዎቻችን አልፈንበታል። ከዚያ ወዲህ በምግብ ለሥራ ስንት እርከን ተሠራ፣ ስንት ተራራ ተከለለ። ስንዴና ዘይት እየተሰፈረልን ድንጋይ ደረደርን፣ ችግኝ ተከልን። ነገር ግን ያንን ተራራ «የኛ ነው» ያለ ሰው አልነበረም። ዘበኛው የመንግሥት፣ ችግኙ የመንግሥት፣ ቅጣቱም የመንግሥት ነበር። በ1983 ደርግ ወደቀ። ዘበኛው ወደ ቤቱ ገባ። ወሎ ውስጥ በብዙ ቦታ ያ ሁሉ ዛፍ ለጣሪያና ለማገዶ ተቆርጦ አለቀ። ይህ የተደበቀ ታሪክ አይደለም፤ የእናንተው ሙያ ሰዎች አጥንተው ጽፈውታል። ሰው ያኔ አላበደም። የሌላ ነው ብሎ የሚያውቀውን ንብረት ባለቤቱ ጥሎት ሲሄድ አነሳው።

ተራራው እንደገና አመድ ለበሰ። ሴፍቲኔት በ1997 ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ዶማና አካፋ ይዘን ወጣን። ጥር በመጣ ቁጥር እርከን ጠገንን፣ ጎርፍ የሚይዝ ቦይ፣ ትሬንች፣ ቆፈርን። በዚህኛው ዙር ግን ቅሬው ገባበት። ቅሬያችን ቀባሪ ብቻ አይደለም። የተጣላ ያስታርቃል፣ ምንጭ ያስጠርጋል፣ ድንበር የገፋን ይመልሳል። ለተራራውም ደንብ አወጣ። ከብት አይገባም። ሣሩ ቀን ተቆርጦለት በማጭድ ይታጨድና እኩል ይከፋፈላል። የደረቀና የወደቀ እንጨት በወር አንድ ቀን ይለቀማል። መጥረቢያ ይዞ የተገኘ ይቀጣል። ጥበቃው በተራ ነው። ተራውን ያጎደለ መጀመሪያ ቡና አፍልቶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ከደገመ ገንዘብ ይከፍላል። እውነቱን ለመናገር ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈራው ለቅሶ ቤት የሚወራው ነው።

ተራራውም መለሰልን። መጀመሪያ ሣሩ መጣ። ቀጥሎ ክትክታውና አጋሙ። ከዚያ ማንም ሳይተክላቸው ወይራና ጽድ ብቅ አሉ። ቆቅና ጅግራ ተመለሱ፣ ድኩላም ታየ። ጅቡም አብሮ መጣ። እሱን እንኳ ባንወደው ቻልነው።

በ2014ቱ ጦርነት መብራት ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። ለሳምንታት ቢሮ የገባ ሰው አልነበረም። ያኔ ማገዶ ስንፈልግ ቅሬው ተሰብስቦ ለእያንዳንዱ ቤት ደረቅ እንጨት መጠነ። አራስና ሐዘንተኛ ላለበት ቤት ጨመረ። እርጥብ ዛፍ ላይ መጥረቢያ አላረፈም። በ1983 ዘበኛው ሲሄድ ዛፉ አብሮ ሄደ። በ2014 ዘበኛም ቢሮም ሳይኖር ዛፉ ቆመ። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ምን እንደሆነ አጥሩን ከማጠራችሁ በፊት ብትጠይቁን ደስ ባለን ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

ከሣሩ እንጀምር፤ የሚያንገበግበን እሱ ነውና። ኅዳር ላይ የተራራው ሣር በጨረታ ተሸጠ። ማስታወቂያው የተለጠፈው ከተማ፣ የእናንተው ግቢ ውስጥ ነው። የጨረታ ሰነድ ለመግዛት የታደሰ ንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ገበሬ ከየት ያመጣል የታደሰ ንግድ ፈቃድ? ያሸነፈው ከብት የሚያደልብ ነጋዴ ነው። እሱን አንከስም፤ ባወጣችሁት ሕግ ተጫርቶ አሸነፈ። አጫጆቹን ከሌላ ቦታ አመጣ። አይሱዙው ሣር እየጫነ በደጃችን ሲመላለስ ልጆቻችን ቆመው አዩት። ለዓመታት በተራ የጠበቅነው ሣር ነው። ጥር ሲገባ ያንኑ ሣር ገበያ ሄደን በሸክም ገዛነው። ጭራሽ ዋጋውን ስንከራከር ሻጩ «ከተራራ የመጣ ንጹሕ ሣር ነው» ብሎ አስተዋወቀልን።

ይህን የምናነሳው ለቀልድ አይደለም። የኛ አካባቢ በልግ አራሽ ነው። የበልጉ ዝናብ ሲጥል በሬው ጉልበት ይዞ መገኘት አለበት። ገለባ ብቻ እየበላ በልግን የጠበቀ በሬ ሁለት ትልም ሄዶ ይቆማል። ዘንድሮ ከአንድ በላይ አባወራ በሬውን ሽጦ መሬቱን ለእኩል ሰጥቷል። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ለአረፋ ልትሸጣቸው ያሰበቻቸውን ሙክቶች ሳይደልቡ ሸጠቻቸው። የጨረታው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ሁለተኛው የውኃ መንገዳችን ነው። ተራራው ራቁቱን ሳለ የክረምቱ ዝናብ ድንጋይ እያንከባለለ ማሳችን ላይ ይወርድ ነበር። ምንጩ ደግሞ በጋውን አይዘልቅም። ሣርና ቁጥቋጦ ሲለብስ ትሬንቹ ጎርፉን ያዘው፤ ውኃው ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ሰረገና ታች ከአለቱ ሥር ወጣ። ዛሬ ምንጩ እስከ ግንቦት ይፈሳል። ደስታችን ይህ ነበር። አጥራችሁ ግን ወደ ምንጩ የሚወስደውን እግር መንገድ ለሁለት ቆረጠው። ሴቶችና ልጃገረዶች አሁን ጀሪካን ተሸክመው በገደሉ አፋፍ ይዞራሉ። አንዲት ልጅ እዚያ ተንሸራትታ ክንዷ ተሰበረ። ጀሪካኑም ተሰነጠቀ። እናቷ ስትነግረን ሁለቱንም ነው የነገረችን፤ ውኃ የሚቀዳ ቤት ሁለቱንም ይቆጥራል። እዚያ ጋ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ በር ማውጣት ስንት ያስወጣል?

ከምንጩ ራስጌ ደግሞ የባሕር ዛፍ ችግኝ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ባሕር ዛፍን አንጠላም፤ ቤታችን የቆመው በእሱ ነው። ከምንጭ ራስጌ ግን አይተከልም። ውኃ እንደሚጠጣ ለእናንተ መንገር ያሳፍራል።

ሦስተኛው ስንደዶው ነው። ቢሮ ውስጥ ሲነገር ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ከእናንተ መካከል መሶብ ቀርቦለት ያልበላ ስለሌለ ትንሽ እናብራራው። ስንደዶና አክርማ የሚገኙት ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሳይደርቅ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። ቀድመው ከሄዱ ለጋ ነው፤ ይበጣጠሳል። ከዘገዩ ይደርቅና ይሰበራል። ነቀላ ይባል እንጂ ሥሩ አይነካም። ሴቲቱ አገዳውን ከላይ ይዛ ቀጥ አድርጋ ሳብ ስታደርገው ሲጥ ብሎ ከሽፋኑ ይወጣል፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ጉድባ ላይ ያገኙታል። የተነቀለው ይታሰራል፣ ይደርቃል፣ ገሚሱ ቀለም ይነከራል። ከዚያ ወስፌ ተይዞ ቁጭ ነው። ሰፌዱ፣ ሙዳዩ፣ መሶቡ የሚወጣው ከዚያ ነው። ለብዙ እናቶች የልጅ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛውም ከዚያ ነው። ልጃገረዶቹም ሥራውን የሚማሩት ተራራው ላይ ነው፤ የትኛው ስንደዶ እንደደረሰ ቁጭ ብሎ ማስረዳት አይቻልም።

ባለፈው መስከረም ሁለት ሴቶች እንደ ድሮው መስሏቸው በሽቦው ሥር ሾልከው ገቡ። ሲወጡ ዘበኛው እስሩን ነጠቃቸው። ለራሱም አልወሰደው፣ ለሌላም አልሰጠው፤ በሩ ሥር ከመረው። ዝናብ መታው፣ ፀሐይ መታው፣ በሰበሰ። በዚያ በኩል ያለፈ ሁሉ አይቶታል። ዘበኛውን አንወቅስም። የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ ደመወዙም ያን ያህል አይደለም።

የንቦቹ ነገር ደግሞ አለ። ከሳዑዲ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ወጣቶች ተደራጅተው፣ ብድር ወስደው፣ ዘመናዊ ቀፎ ገዝተው ተራራው ወገብ ላይ አስቀመጡ። ቅሬው ቦታውን መርጦ ሰጣቸው። ጥቅምት ላይ፣ አደይ አበባው ተቀስሞ ማሩ ሊቆረጥ ሲል፣ «በሦስት ቀን ውስጥ አንሡ» ተባሉ። ንብ የሚያነሳ ሰው የሚያነሣው በሌሊት ነው፤ ማር የሞላ ቀፎ ደግሞ ሲንቀሳቀስ ሰፈፉ ይወድቃል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ አለ። ልጆቹ እንደምንም አወረዱት። ከቀፎዎቹ ገሚሱ ንቡ ጥሎት ሄደ። ብድሩ ግን አልሄደም። ከመካከላቸው አንዱ አሁን እንደገና ስለ ጅቡቲ መንገድ ይጠይቃል። ንብ ደኑን ይጎዳል ያላችሁ ማነው? የተራራው አበባ ፍሬ የሚይዘው በማን ሆነና? የኛ ባቄላና ኑግም ቢሆን ንብ ሲኖር ነው በደንብ የሚያፈራው።

አሁን ደግሞ ስትሰሙት የማታምኑት ነገር። አፋፉ ላይ አንድ ትልቅ ወይራ አለ። ዝናብ ሲዘገይ ሙስሊሙ እዚያ ዱዓ ያደርጋል፤ ክርስቲያኑ ምህላውን ይዞ በዚያው ያልፋል። ቡና ይፈላል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። አባቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። ዘንድሮ በልጉ ሲዘገይ ሼሁ ቁልፍ ጠየቁ። «የፈቃድ ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ፤ የሰው ብዛትና የሚፈጀው ሰዓት ይጠቀስ» ተባለ። የቅሬው ቀልደኛ «አጀንዳው ዝናብ ነው ብላችሁ ጻፉ» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ሼሁ አልሳቁም። ዱዓው ከሽቦው ውጭ፣ አስፋልት ዳር ተደረገ። መኪና ጥሩንባ እየነፋባቸው።

መድኃኒቱንም እናንሳ። ምች የመታው ሰው ቤት ዳማ ከሴ ይፈለጋል። እንዶድ ለልብስ ነው። እሬት ለቃጠሎ። ወይራው ለወተት ዕቃ ማጠኛ። ይህን ሁሉ «ኋላ ቀር አጠቃቀም» ብሎ የጻፈ ባለሙያ አለ ተብሎ ተነግሮናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ ዓድዋ ላይ ያዩትን ቢያስታውሰው ጥሩ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እንዶድ ብልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁት ከዚያ ተነስተው ነው። ሴቶቹ ወንዙ ዳር ባይፈቀድላቸው ኖሮ ዶክተሩ ምን ያዩ ነበር?

የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተራራው ላይ የሚያደርገው ጉብኝት ቆሟል። ስኳርና ደም ብዛት ያለባቸው አዛውንቶች «ተራመዱ» ተብለው ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ይወጡ ነበር፤ እሱም ቆሟል።

ሁሉንም የሚያስንቀው ግን የመጋቢቱ እሳት ነው። ከተራራው ጀርባ ጭስ ታየ። ድሮ ጭስ ሲታይ የቅሬው ጥሩንባ ይነፋል፤ ሰው ቅጠል ቆርጦ፣ አካፋ ይዞ ይሮጣል። አሁንም ጥሩንባው ተነፋ። ሰውም ወጣ። የወጣው ግን እስከ በሩ ድረስ ነው። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው። ዘበኛው ደግሞ ደመወዝ ሊቀበል ከተማ ወርዷል። ወጣቶቹ «ሽቦውን ቆርጠን እንግባ» አሉ። ትልልቆቹ «ነገ ማን ሊያስፈታችሁ ነው?» አሉ። ክርክር ሆነ። እሳቱ ደግሞ ክርክር አይጠብቅም። በመጨረሻ ሽቦው ተቆረጠ፣ ተገባ፣ እሳቱም ጠፋ። ያጠፉት እነዚሁ እንዳይገቡ የተከለከሉት ሰዎች ናቸው። እስከዚያው ግን በአንድ በኩል የነበረው ጽድ ነደደ። በማግስቱ ከእናንተ ዘንድ የመጣው ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሽቦውን ማን ቆረጠው?» የሚል ነበር።

ከእሳቱ በላይ ያስደነገጠን ሌላ ነው። ሁሉም አልሮጠም። ጥሩንባው ሲነፋ ደጁ ላይ ቁጭ እንዳለ የቀረ ሰው ነበር። ሲጠየቅ «የመንግሥት ተራራ ነው፤ መንግሥት ያጥፋው» አለ። እርከኑን ሲሠራ የከረመ ሰው ነው እንዲህ ያለው። ይህን ቃል ከ1983 በፊት ሰምተነዋል። ደብዳቤውን ያስጻፈንም ከሣሩም ከማሩም በላይ ይህ ቃል ነው። የሚያጭደው፣ የሚቀዳው፣ የሚሰፋው፣ የሚጸልይበት ሰው ተራራውን ይጠብቃል። ከዚህ ሁሉ ያወጣችሁትን ሰው በሽቦ ታስጠብቁታላችሁ? ሽቦውን ማን ይጠብቀዋል?

«ሰው ከገባ ይጠፋል» ትላላችሁ። ብዙም ሳይርቅ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ላይ ጓሳ አለ። ወደ 400 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሕዝቡ በራሱ ደንብ ሲያስተዳድረው የኖረ ቦታ ነው። ለዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ለጣሪያ ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ቦታው ተጎዳ፤ ያገገመው ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ሲመለስበት ነው። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ እዚያው አሉ። ሩቅ ነው ካላችሁ እዚሁ ወሎ፣ ላስታ ውስጥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው ቦታ አለ። መቄት ላይ ገበሬዎች ጎጆ ሠርተው እንግዳ ተቀብለው ገቢውን ለራሳቸው አውለዋል።

ሕጉም ቢሆን ከእናንተ ጋር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን የሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ መጠየቅ መብታቸው ነው ይላል። አንቀጽ 92 በአካባቢ ጥበቃ ጉዳይም ይህንኑ ይደግመዋል። የደን አዋጁ፣ ቁጥር 1065/2010፣ ከመንግሥት ደን ሌላ የማኅበረሰብ ደን የሚባል እንዳለ ያውቃል። እኛ ግን ካርታም፣ ማረጋገጫም፣ ስምም ሳይሰጠን ነው ስንጠብቀው የኖርነው።

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ሲጀመር እኛም ወጥተን ተክለናል። አሁንም እንወጣለን። ነገር ግን የተተከለውን ችግኝ ከሐምሌ በኋላ ሄዶ የሚያየው ማነው? ውኃ የሚያጠጣው፣ ፍየል የሚያባርርለትስ? በሩ ከተቆለፈ ማንም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። ከሁሉ በፊት መጪው መስከረም ከመድረሱ አስቀድሞ መጥታችሁ አነጋግሩን። አዳራሽ አያስፈልግም፤ ወይራው ሥር እንቀመጥ፤ ቡናው በኛ ነው። ሴቶቹ ይኑሩበት፤ ባለፈው አንዲትም ሴት አልተናገረችም። የቅሬው ደንብ የሚጎድለው ካለ ንገሩን። እናሻሽለዋለን። ከብት አይግባ ማለታችሁ ልክ ነው፤ በዚያ ላይ ሙሉ በሙሉ አብረን ነን።

ሣሩ ዳግመኛ ለጨረታ እንዳይወጣ። አጨዳውና ክፍፍሉ ወደ ቅሬው ይመለስ። ባለፈው የተሸጠበት ገንዘብ መጠንና የዋለበት ሥራ በጽሑፍ ይገለጽልን። ወደ ምንጩ የሚያሳልፍ የእግረኛ በር ይከፈት፤ ገንዘብ የለም ካላችሁ ጉልበቱን እኛ እንችላለን። ከምንጩ ራስጌ የተቆፈረው ጉድጓድ ባሕር ዛፍ ሳይሆን አገር በቀል ዛፍ ይተከልበት። የስንደዶው ሜዳ ግን እንዳለ ይቆይ፤ ዛፍ የሌለበት ቦታ ሁሉ ባዶ አይደለም። ስንደዶና አክርማ የሚለቀምበት፣ ደረቅ እንጨት የሚነሣበት ቀን ከቅሬው ጋር ተስማምታችሁ ወስኑልን። ወጣቶቹ ቀፏቸውን ይመልሱ። ብድራቸው እንዲራዘምላቸው ለአበዳሪው አንድ ደብዳቤ ብትጽፉላቸው ደግሞ ከሰማይ አትወርዱም። ለዱዓና ለምህላ የሚጠየቀው ፈቃድ ይቅር። ተራራው በማኅበረሰብ ደንነት እንዲመዘገብልን ጥያቄያችንን ተቀብላችሁ ለሚወስነው አካል አስተላልፉልን።

ሽቦ ቆረጡ ተብለው ስማቸው የተያዘባቸው ወጣቶችም ስማቸው ይሰረዝ። እሳት ነው ያጠፉት።

የበሩን ቁልፍ በተመለከተ፣ አንዱ ቅጂ የቅሬው ዳኛ ቤት ይቀመጥ። ዘበኛው ደመወዝ ሊቀበል መውረዱ አይቀርምና።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ማኅተም ያለበት፣ እንጠብቃለን። «ይታይ» የሚል መልስ አንቀበልም፤ አሁን ሁሉም አይቶታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቅሬው ጸሐፊ፣
በቅሬው ዳኛና በአባላቱ ስም

ግልባጭ፦
ለቅሬው አባላት በሙሉ
ለወጣት ንብ አናቢዎቹ ማኅበር
ለትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ